ከባቡር መስኮት የታየ ዱር

የዱር እንስሳ ሰውን የሚያውቀው በጠረኑና በኮቴው ነው። ነፋስ ጠረናችንን ቀድሞን ሲያደርስለት፣ ደረቅ ቅጠል ከጫማችን ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ እኛ ገና ሳናየው እርሱ አይቶን ተሰውሯል። ባቡር ግን የሰው ጠረን የለውም፤ ኮቴም የለውም። ለአጋዘን ባቡር ማለት እናቱ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ በዚያው መስመር ሲመላለስ የኖረ፣ አንድም ቀን ቆሞ ያላሳደደው፣ ጮሆ የሚያልፍ ረጅም ነገር ነው። ስለዚህ ቀና ብሎ ያይና ወደ ሣሩ ይመለሳል። ከመስታወቱ በስተጀርባ የተቀመጥነው እኛም፣ ዓይናችን ከለመደ፣ በእግራችን ብንሄድ የማይገለጥልንን እናያለን።

ይህን ትምህርት ያገኘሁት ከአባቴ ነው። አባቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ልጅ ሳለሁ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ይዞኝ ሲወጣ መስኮት አጠገብ ያስቀምጠኝና፣ «ቅርቡን አትይ፤ ቅርቡ ዓይንሽን ያደክመዋል። ሩቁን እይ። መሬቱን ዝም ብለሽ እይ፤ የሚንቀሳቀሰው ራሱ ይመጣልሻል» ይለኝ ነበር። በአዋሽ ሜዳ ላይ ቀንዱ እንደ ጦር የቀና ሳላ፣ ጅራቱን አቁሞ የሚሮጥ ከርከሮ፣ አንዳንዴም ሰጎን ያየሁት በዚህ ብልሃት ነው። ያ አሮጌ ባቡር ዛሬ ወደ አዲስ አበባ አይሄድም፤ ሌላ ሐዲድ ተዘርግቶ፣ በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረ የኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቶበታል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአባቴ ቃል ግን ከእኔ ጋር ባሕር ተሻግሯል።

ጀርመን አገር የገባሁት በ2004 ነው፤ ጥገኝነት ጠይቄ። በዚያን ጊዜ በ1982 በወጣ ሕግ መሠረት የእኔ ዓይነቱ ሰው ከተመደበበት ወረዳ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ንቅንቅ ማለት አይፈቀድለትም ነበር። ጀርመኖች «ሬዚደንስፍሊሽት» ይሉታል፤ የመኖሪያ ግዴታ እንደ ማለት ነው። ከ2015 መግቢያ ጀምሮ ሕጉ በእጅጉ ላልቷል፤ እኔ ግን በጠበቀበት ዘመን አምስት ዓመት ኖሬበታለሁ። የእኔ ወረዳ በባቡር አራት ጣቢያ ነበረች። አምስተኛው ጣቢያ ሌላ ወረዳ ነው። ከአራተኛው ጣቢያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሐዲዱ ወደ አምስተኛው ሲታጠፍ አየው ነበር። አንድ ጊዜ የአገሬ ሰው በሌላ ከተማ ሞተና ለቅሶ ለመድረስ ፈቃድ ጠየቅሁ። ወረቀቱ የመጣው ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ነው።

በየጥቅምቱ ግን በዚያች ወረዳ ሰማይ ላይ ክሬኖች ያልፉ ነበር። አንባቢዬ ክሬን ሲባል ፎቅ ሲሠራ ብረት የሚያነሣው ማሽን ይታሰበው ይሆናል። ማሽኑ ስሙን የወሰደው ከወፉ ነው፤ ከአንገቱና ከእግሮቹ ርዝመት የተነሣ። ወፉ ግራጫ ነው፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። በሰማይ ላይ እንደ ቀስት ጫፍ ተሰልፎ ሲሄድ ድምፁ ከአካሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ ከሩቅ የሚነፋ መለከት ይመስላል። ወዴት እንደሚሄዱ ያነበብሁት በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያና ከሩሲያ ከሚነሡት መካከል በቱርክና በእስራኤል በኩል አልፈው ኢትዮጵያ የሚገቡ፣ በጣና ዙሪያና በሌሎች ደጋማ ረግረጎች የሚከርሙ እንዳሉ መጽሐፉ ይናገራል። «የሚከርሙ» የሚለው ቃል ራሱ ግራ ያጋባል፤ የአውሮፓ ክረምት የእኛ በጋ ነውና። መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ።

በ2009 የመኖሪያ ፈቃድ አገኘሁ። በ2011 ልጄ ተወለደች። ከዚያም ዜግነት መጣ፤ ወደ በርሊን ተዛወርን። ወረቀቱ ኪሴ ገባ፤ አምስተኛው ጣቢያ ግን ከልቤ አልወጣም። አዲስ አበባ ደርሰን የተመለስነው በአውሮፕላን ነው። አውሮፕላን ድንበር አያሳይም፤ አንድ በር ገብተህ በሌላ በር ትወጣለህ። በምድር ግን ከጀርመን ወጥቼ አላውቅም ነበር። በ2022 መኸር ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «እማዬ፣ ክሬኖቹ ዝም ብለው አይሄዱም፤ መንገድ ላይ የሚያርፉበት ቦታ አላቸው። ሃንጋሪ ውስጥ በጥቅምት ከመቶ ሺህ በላይ ይሰበሰባሉ። ለምን በባቡር አንሄድም?» አለችኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ በአውሮፓ የጋራ የባቡር ትኬት ከአዋቂ ጋር በነፃ እንደሚጓዝም አጣርታ ነበር። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። «ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው» አለች። ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረኝም።

*

ከበርሊን ወደ ፕራግ የሚወስደው ባቡር እስከ ድሬስደን ድረስ በሜዳ ላይ ይበርራል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በአንድ ሴኮንድ 44 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከሐዲዱ አጠገብ ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ የተቀባ መስመር ይሆናል። ለልጄ የአያቷን ቃል ነገርኋት። ደብተር አወጣችና ሦስት ዓምድ አሰመረች፦ ምን፣ ስንት፣ የት። የመጀመሪያዋ ጭልፊት በሐዲዱ ዳር ባለ ማሳ ላይ በአንድ ቦታ ክንፏን እያርገበገበች በአየር ላይ ቆማ ነበር። እነዚህ ትናንሽ ጭልፊቶች የባቡር መስመር ይወዳሉ፤ በሐዲዱ ዳር የሚገኘው ያልታረሰ ሣር አይጥ ይበዛበታልና። ከዚያ የታረሰ መሬት መሃል ሦስት ሚዳቋ የመሰሉ ትናንሽ አጋዘኖች ታዩ። ከሩቅ የአፈር ጓል ይመስላሉ፤ ቂጣቸው ላይ ያለው ነጭ ምልክት ነው የሚያጋልጣቸው።

ከድሬስደን በኋላ ሐዲዱ ወደ ኤልበ ወንዝ ዳር ይወርድና ከወንዙ ጋር መጠማዘዝ ይጀምራል። ባቡሩም ይዘገያል። በግራና በቀኝ የአሸዋ ድንጋይ ገደሎች ይቆማሉ። ወንዙ መሃል በወጣ ድንጋይ ላይ አንድ ጥቁር ወፍ ሁለት ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል። ልጄ፣ «ልብሱን ያሰጣው ወፍ» ብላ ሣቀች። ኮርሞራን ነው። ላባው ውኃ ስለሚይዝ ከጠለቀ በኋላ እንዲህ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ የእርሱ ዘመዶች ሐዋሳ ሐይቅ ዳርም በዛፍ ላይ እንዲሁ ተሰጥተው ይውላሉ። ጥልቀት በሌለው ዳር ደግሞ ረጅም አንገት ያላቸው ግራጫ የውኃ ወፎች ተራርቀው ቆመዋል፤ እያንዳንዱ የራሱን አሣ ይጠብቃል።

ኤልበ ለወፎች ተራ ወንዝ አይደለም። ሽመላዎች በሰፊ ባሕር ላይ መብረር አይወዱም፤ የሚያነሣቸው ሞቃት አየር ከውኃ ላይ አይወጣምና። ስለዚህ የሜዲትራንያንን ባሕር በሁለት ወገን ዞረው ያልፋሉ። ከኤልበ አካባቢ በስተምዕራብ የሚፈለፈሉት አብዛኞቹ በስፔንና በጂብራልታር በኩል ይሄዳሉ። በስተምሥራቅ የሚፈለፈሉት በቦስፎረስ፣ በእስራኤልና በሲና አልፈው የዓባይን ሸለቆ ተከትለው ወደ ሱዳንና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዳሉ። በጥቅምት ሽመላ አይገኝም፤ በነሐሴ ሄዷል። የቀረው በየምሰሶው ጫፍ ላይ የተከመረ ባዶ ጎጆ ነው። አውሮፓውያን እነዚህ ወፎች ወዴት እንደሚሰወሩ ለዘመናት ሲከራከሩ ኖረው፣ በ1822 በሰሜን ጀርመን አንገቱን የአፍሪካ ጦር የወጋው ሽመላ ተገኘ። ጦሩን እንደተሸከመ ተመልሶ መጥቷል። ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይታያል። ታሪኩን ለልጄ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና፣ «አመመው?» ብላ ጠየቀች። ሳይንቲስቶቹ ያልጠየቁት ጥያቄ ነው።

በዚህ መሃል ድንበሩን አለፍን። ምልክቱ ስልኬ ላይ የመጣ መልእክት ብቻ ነበር፤ እንኳን ወደ ቼክ ሪፐብሊክ በደኅና መጡ ይላል። ማንም አልመጣም። ማንም አልጠየቀም። እኔ ግን ቦርሳዬን ከእግሬ ሥር አንሥቼ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ እጄን አስገብቼ ፓስፖርቱን በጣቴ ዳስሼ፣ ከዚያ ሳላወጣው ሁለት ጣቢያ ያህል ተጉዣለሁ። ልጄ አየችኝ። ምንም አላለችም፤ ወደ መስኮቷ ተመለሰች።

*

ከፕልዘን ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወጣው ባቡር ትንሽና ዘገምተኛ ነው። ክላቶቪን ካለፈ በኋላ ሐዲዱ ወደ ሹማቫ ተራሮች መውጣት ይጀምራል፤ ጥዱ እየጠቆረ፣ ጣቢያው እያነሰ ይሄዳል። የዱር እንስሳ ማየት ለሚሻ ሰው እንዲህ ያለውን ባቡር የሚያህል የለም። ፈጣኑ ባቡር በዋሻና በድምፅ መከላከያ ግድግዳ መሃል ያሳልፍሃል፤ ይህኛው በጫካው ዳር ዳር ይሄዳል። የጫካ ዳር ደግሞ የእንስሳት በረንዳ ነው፤ ወደ ማታ ሲሆን ለመብላት ወደ ሣሩ ይወጣሉ፣ ሲደነግጡ ወደ ጥላው ይመለሳሉ። ልጄ አንድ ቀበሮና የዱር አሳማ የገለበጠው የሣር መስክ መዘገበች። አሳማዎቹን ራሳቸውን አላየንም። «አልተቆጠሩም፤ ግን ነበሩ» ብላ ጻፈች።

መጨረሻ ላይ ባቡሩ ከ1,700 ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ውስጥ ያልፍና ድንበር ላይ ይወጣል። የድንበሩ ጣቢያ በ1870ዎቹ የተሠራ ትልቅ ሕንፃ ነው። የሁለቱ አገሮች ድንበር መሃል ለመሃል ይቆርጠዋል፤ ግማሹ የቼክ፣ ግማሹ የባየርን ነው። ሲሠራ የወዳጅነት ሕንፃ ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ግን ሐዲዱ ተዘጋ። በ1950ዎቹ መግቢያ ቼኮዝሎቫኪያ በዚህ ጫካ ውስጥ የሽቦ አጥር ዘረጋች፤ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል የተለቀቀበት ጊዜም ነበር። በአጥሩ ላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አጋዘኖችም ሞተዋል። አጥሩ በ1989 ማብቂያ መፍረስ ጀመረ፤ በ1991 ባቡር እንደገና ድንበሩን ተሻገረ።

ከቼኩ ባቡር ወርደን ወደ ባየርኑ ባቡር ስንሄድ የምንራመደው ከአንድ የሕንፃ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያህል ብቻ ነው። ተሳፍረን ተቀመጥን። ሁለት ፖሊሶች በባቡሩ ጫፍ ገብተው ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ። ገና አሥር ረድፍ ይቀራቸዋል። እኔ እጄን ወደ ቦርሳዬ ስሰድድ በጎን በኩል አንድ ነገር አየሁ። ልጄ ደብተሯን ዘግታለች። ትንሿን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዚፑን ከፍታ፣ መታወቂያዋን አውጥታ በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ጀርመን ተወልዳ፣ ጀርመን ያደገች፣ ማንም አንድም ቀን ወረቀት ጠይቋት የማያውቅ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ።

ፖሊሶቹ ደረሱ። ትሑታን ነበሩ። የእኔን አይተው መለሱልኝ፤ የእርሷን አላዩም። «አንቺስ ወዴት ነሽ?» አላት አንደኛው እየሣቀ። «ክሬን ለማየት» አለችው። «መልካም ጉዞ» ብሎ አለፈ። መታወቂያዋን ወደ ቦርሳዋ መልሳ ዚፑን ዘጋች። ከዚያ አንድ ጊዜ በእጇ መዳፍ ከላይ ነካ አደረገችው፤ እንዳለ ለማረጋገጥ። ያ የእኔ ልማድ ነው። ስለ ድንበር አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። ስለዚያች ወረዳና ስለ አምስተኛው ጣቢያ አንድም ቃል ከአፌ አልወጣም ነበር።

*

በዚህ ጫካ ስለሚኖሩት ቀይ አጋዘኖች ከጉዞው በፊት አንብቤ ነበር። ሲያነቡት ጉዳዩ የሚያስደንቅ ወሬ ብቻ ይመስላል። ተመራማሪዎች በድንበሩ በሁለቱም ወገን ያሉ አጋዘኖችን አንገት ላይ ቦታቸውን በሳተላይት የሚያሳውቅ መሣሪያ አሥረው ለዓመታት ተከታተሏቸው። በ2014 ይፋ ባደረጉት ውጤት መሠረት፣ አጥሩ ከፈረሰ ሩብ ምዕት ዓመት ገደማ ካለፈው በኋላም አጋዘኖቹ የድሮውን መስመር አይሻገሩም ነበር። የቼኮቹ ወደ ቼክ፣ የጀርመኖቹ ወደ ጀርመን ይመለሳሉ። በባየርን በኩል የነበረች አሆርኒያ የተባለች አንዲት እንስት አጋዘን የሄደችበት መንገድ በካርታ ላይ ሲታይ፣ ጥቅጥቅ ያለው ነጥብ መስመሩ ዘንድ ሲደርስ ይመለሳል። መስመሩ ላይ ግን ምንም የለም። ያው ጥድ ነው፤ ያው ሣር ነው።

ቀይ አጋዘን በአማካይ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ይኖራል። ከእነዚያ አጋዘኖች መካከል አጥሩን በዓይኑ ያየ አልነበረም። ታዲያ ከየት ተማሩት? ተመራማሪዎቹ የሰጡት መልስ ቀላል ነው፤ ግልገል በመጀመሪያው ዓመት እናቷን ትከተላለች። እናቷ የረገጠችውን ትረግጣለች፤ እናቷ ከዞረችበት ትዞራለች። ያቺ እናት ደግሞ መንገዱን ከእናቷ ይዛዋለች። ከሽቦው ጋር የተጋጨችው የመጀመሪያዋ አጋዘን ከሞተች ስንት ዘመን ሆኗታል፤ ፍርሃቷ ግን ከግልገል ወደ ግልገል ሲተላለፍ ኖረ። እናት ክፉ ሆና አይደለም። ልጇን ከሞት የጠበቀችበት እውቀት ነበር። አጥሩ ቆሞ ሳለ እውነት ነበር።

ደፍረው የተሻገሩም አልጠፉም፤ በተለይ ወንዶቹ። አንዱ ከተሻገረ በኋላ ምን እንደሚሰማው የሚነግረን መሣሪያ የለም።

የባየርኑ ባቡር በምሽት ወደ ዳኑብ ሸለቆ ወረደ። ቀይ አጋዘን አላየንም። ልጄ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ተኛች፤ ቦርሳዋ በክንዷ ታቅፏል። እኔ መስታወቱን አየሁ። ውጪው ጨልሞ ስለነበር የሚታየው የእኛው ምስል ነው፤ ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ቦርሳዎች፣ አንድ ዓይነት አያያዝ።

*

ከቪየና ወደ ቡዳፔስት የሚሄደው ባቡር ከከተማው እንደወጣ ተራራው ሁሉ ያበቃና ሰፊ ሜዳ ይጀምራል። በዚህ በኦስትሪያ፣ በሃንጋሪና በስሎቫኪያ መጋጠሚያ ላይ ከሚበርሩ ወፎች ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ የሆነ ትልቅ ወፍ ይኖራል። ሃንጋሪዎች «ቱዞክ» ይሉታል። ወንዱ አሥራ አምስት ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ቅርብ ዘመዱ በአዋሽ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ሲራመድ የሚታየው ትልቁ የሣር ወፍ ነው። ቱዞክ ከባድ ስለሆነ በበረራ ላይ ፈጥኖ መታጠፍ አይችልም፤ ብዙዎቹ የሚሞቱት ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተጋጭተው ነበር። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ለእርሱ ሲባል የተወሰኑ የኤሌክትሪክ መስመሮች ከምሰሶ ወርደው በመሬት ውስጥ ተቀበሩ። ሰው ለወፍ ብሎ ሽቦ ያነሣበት አገር መኖሩ የምሥራች ሆኖ ተሰማኝ።

ድንበሩ ሄጀሽሃሎም ላይ ነው። ሊደርስ አንድ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ተነሣሁ፤ ቦርሳዬን ከጭኔ ላይ አንሥቼ ከራሳችን በላይ ባለው የሻንጣ መደርደሪያ ላይ ሰቀልሁት።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «ፓስፖርቱስ?»

«ቦርሳው ውስጥ ነው።»

«ቢመጡስ?»

«ከመጡ ተነሥቼ አወርደዋለሁ። አሁን ሩቁን እንይ፤ ቱዞክ ያለው እዚህ ነው።»

እውነት ለመናገር እጄን ምን ላድርገው ብዬ ተቸግሬ ነበር። ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁት፤ አላርፍ አለ። መጨረሻ ላይ የእርሷን ደብተር ተቀብዬ እኔ ጸሐፊ ሆንሁ። እርሷ እያየች ትናገራለች፤ እኔ እጽፋለሁ። ሚዳቋ መሰል አጋዘን፣ አሥራ አንድ። ጥንቸል፣ ሁለት። ጭላት በምሰሶ ላይ፣ አራት። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ በአድማስ ላይ ይሽከረከራሉ። ከአንድ አረንጓዴ ማሳ መሃል ሦስት ቡናማ ነገሮች ታዩ፤ ወይ ቱዞክ ናቸው ወይ የአፈር ክምር። «አንደኛው ተንቀሳቀሰ!» አለች። ባቡሩ አለፈ። «ቱዞክ፣ ሦስት» ብዬ ልጽፍ ስል፣ «አይ፣ የጥያቄ ምልክት አድርጊበት» አለችኝ። አደረግሁበት።

ሄጀሽሃሎምን ስናልፍ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ አላየሁም። ልጄ ቦርሳዋን መቼ ከጭኗ እንዳወረደችው እንኳ አላስተዋልሁም። ቡዳፔስት ልንደርስ ስንል ወለሉ ላይ፣ ከጫማዋ አጠገብ፣ ተጋድሞ አገኘሁት።

*

ሆርቶባጅ በምሥራቅ ሃንጋሪ የሚገኝ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። በ1973 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ በ1999 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከፉዜሻቦኝ ወደ ደብረሰን የሚሄደው ትንሽ ባቡር በመሃሉ ያልፋል። ከባቡሩ ሳንወርድ ነው ክሬኖቹን ያየናቸው። በቆሎው በታጨደበት ማሳ ላይ ተበትነው የወዳደቀውን እህል ይለቅማሉ፤ ቁጥራቸው ማሳውን ግራጫ አድርጎታል። ባቡሩ ሲያልፍ ጥቂቶቹ ብቻ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

ጣቢያው ላይ ወርደን በእግራችን ወደ ዓሣ ማርቢያ ኩሬዎቹ አቅጣጫ ሄድን። በመኸር ከኩሬዎቹ አንዳንዶቹ ውኃቸው ይጎድላል፤ ክሬኖቹ ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ቀበሮ ቢመጣ ውኃው ይንቦጫረቅና ያነቃቸዋል። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ከሁሉም አቅጣጫ መምጣት ጀመሩ። በመስመር፣ በመስመር፣ በመስመር። ልጄ መቁጠር ጀምራ መቶ ሃምሳ ላይ ተወችው። ድምፁ ሰማዩን ሞላው። ከዚያ መለከት መሰል ጩኸት መካከል ግን ሌላ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ እንደ ጫጩት ፉጨት ያለ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። «ልጆቹ ናቸው። ዘንድሮ የተፈለፈሉት። ድምፃቸው ገና አልጎረነነም።»

ከዚያ በኋላ ለይተን ማየት ቻልን። እናትና አባት፣ በመካከላቸው ወይም ከኋላቸው አንድ ወይም ሁለት ልጅ፤ ራሱ ገና ቡናማ የሆነ፣ የወላጆቹ ጥቁርና ነጭ ምልክት ያልወጣለት። ክሬን መንገዱን የሚማረው ወላጆቹን ተከትሎ ነው። በአሜሪካ በሰው እጅ ያደጉ ክሬኖች መንገዱን የሚያሳያቸው ወላጅ ስላልነበራቸው፣ ከ2001 ጀምሮ ለዓመታት ሰዎች በትናንሽ አውሮፕላኖች እየመሩ ከዊስኮንሲን እስከ ፍሎሪዳ ወስደዋቸዋል። ግልገል አጋዘን አጥሩን በተማረችበት መንገድ፣ ይህኛው ልጅ አህጉር ማቋረጥን ይማራል። ትምህርት ቤቱ አንድ ነው። ልዩነቱ ከፊት የሚሄደው ወላጅ የሚያውቀው ነገር ነው።

«እማዬ፣ እነዚህ ወደ ኢትዮጵያ ነው የሚሄዱት?» ብላ ጠየቀችኝ።

አዎ ማለት እንዴት በወደድሁ። ነገር ግን በዚህ የሚያርፉት አብዛኞቹ የሚሄዱት ወደ ሰሜን አፍሪካ፣ ወደ ቱኒዚያና ወደ አልጄሪያ ነው። ወደ እኛ የሚመጡት ከዚህ በስተምሥራቅ፣ በሌላ ሰማይ ያልፋሉ። እንዲሁ ነገርኋት። ትንሽ አሰበችና፣ «ግድ የለም። መንገዱን ካወቁት ይበቃል» አለች። ከዚያ ስለዚያች ወረዳ ነገርኋት። ስለ አራቱ ጣቢያዎች፣ ስለ አምስተኛውም። ጨለማው ስለረዳኝ ረጅም ወሬ አልሆነም። በመጨረሻ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አምስተኛው ጣቢያ ስሙ ማን ነበር?» ነገርኋት። በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ በጨለማ፣ በጠማማ ፊደል ጻፈችው፤ አንድ ቀን የምናየው ቦታ ዝርዝር ውስጥ።

የክሬን ልጅ ክረምቱን ሁሉ ከወላጆቹ አይለይም። በጸደይ ወደ ሰሜን ሲመለሱ ግን ይለያዩታል፤ እነርሱ ወደ ጎጆአቸው ይሄዳሉ፤ እርሱ ከእኩዮቹ ጋር ይቀራል። ከዚያ ወዲያ የሚመራው የለም። መንገዱን ግን ያውቀዋል።

ልጄ በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ሁለት ይሞላታል። የራሷን ትኬት ትቆርጣለች።